(3፣ 5) እና (5፣ 3) ለልጆቼ አንድ ሆነውባቸዋል፤ ኮኦርዲኔትን እንዴት ነው የምታስተምሩት?

ጠመኔ | ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። እዚሁ ጎንደር ነኝ፤ 6ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ከስልሳ በላይ ልጆች አሉኝ፣ ሦስት ሦስት ሆነው ነው ዴስክ ላይ የሚቀመጡት። ባለፈው ሳምንት ኮኦርዲኔት፣ ማለትም የነጥብን ቦታ በሁለት ቁጥር መግለጽ ጀመርን። ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አሰመርኩ፣ አግድሙን ኤክስ፣ ቀጥ ብሎ የሚወጣውን ዋይ አልኳቸው፣ አራት አምስት ነጥብ አብረን አስቀመጥን፣ «ገባችሁ?» ስላቸው «አዎ ቲቸር!» አሉ ባንድ ድምፅ። በማግስቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ሰጠኋቸው። ነጥብ (3፣ 5)ን አስቀምጡ። ግማሽ ያህሉ (5፣ 3) ላይ አስቀመጡት።

ደብተራቸውን ቤት ወስጄ አንድ በአንድ አየሁት። ስሕተቱ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዶቹ ቅደም ተከተሉን ገልብጠውታል። አንዳንዶቹ መቁጠር ሲጀምሩ ዜሮዋን ራሷን «አንድ» ስለሚሏት ነጥቡ (2፣ 4) ላይ አርፎባቸዋል። ቁጥሮቹን መስመሩ ላይ ሳይሆን በሁለት መስመር መካከል ባለው ካሬ ውስጥ የጻፉም አሉ። እነሱ ነጥቡንም ካሬው መሐል ነው ያስቀመጡት። አንዷ ልጅ ግን ሁሉንም በትክክል ሠርታ ከመጽሐፉ (0፣ 4) ላይ ስትደርስ «ዜሮ ማለት ምንም ስለሆነ ነጥብ የለም» ብላ ጽፋለች። ይቺን ሳነብ ደብተሩን ይዤ ዝም ብዬ ቆየሁ። ልጅቷ አስባለች እኮ! እኔ ነኝ ዜሮም ቦታ መሆኑን ያልነገርኳት።

ግራፉም፣ ካርታ ማንበቡም፣ በኋላ የሚመጣው የመስመር እኩልታም እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። እናንተ በምን ጀመራችሁ? ፎቶ ኮፒ ግን እንዳትሉኝ፣ ወረቀት የለም። ባለ ካሬ ደብተር ያለው ልጅም ከሦስት ዴስክ አንዱ ላይ ቢገኝ ነው።

ሜዳና ዳገት | ሰኞ ማታ

እህቴ አይዞሽ፣ የሁላችንም ክፍል እንደዚያው ነው። እኔ 7ኛ ክፍል ነኝ፣ ልጆቹን ከናንተ ስንቀበላቸውም ይገለብጡታል።

እኔ የምላቸው አንድ ነገር ነው፦ «ሜዳውን ሳትጨርስ ዳገቱን አትጀምርም።» የመጀመሪያው ቁጥር ሜዳ፣ ሁለተኛው ዳገት። ጎንደር ያደገ ልጅ ዳገት ምን እንደሆነ በእግሩ ያውቀዋል። ነጥብ ባስቀመጡ ቁጥር በእጃቸው ወደ ጎን እየጠቆሙ «ሜዳ»፣ ወደ ላይ እያነሡ «ዳገት» እንዲሉ አደርጋለሁ። ሁለት ሳምንት ብትደጋግሚው የሚገለብጡት ጥቂት ይቀራሉ። በኋላ ነጌቲቭ ቁጥር ሲመጣ ደግሞ ዳገቱ ቁልቁለት ይሆናል፤ አዲስ ቃል አያስፈልግሽም።

ገና ጀማሪ | ሰኞ ማታ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አንድ ልጅ «ለምን ሜዳው ይቀድማል? ዳገቱ ቢቀድም ምን ይሆናል?» አለኝና መልስ አጣሁ። «ሕጉ ነው» ብዬ አለፍኩት። ልክ ነበርኩ?

ጡረታ ወጥቻለሁ | ማክሰኞ ጠዋት

ልጄ፣ ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ልጁንም አመስግነው። መልሱ «ስለተስማማን» ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ዓለም ሁሉ ዳገቱን ያስቀድም ቢባል ሒሳቡ አይፈርስም። የሚፈርሰው አንተ ሜዳውን አስቀድመህ ስትጽፍ እኔ ዳገቱን አስቀድሜ ካነበብኩ ነው። ሕግ ነው ብለህ ስታልፈው ግን ልጁ ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል፤ ያልገባውን ነገር ደግሞ በቃሉ ይሸመድድና ፈተና ላይ ይጠፋበታል።

ሠላሳ ምናምን ዓመት አስተምሬያለሁ። አንድ ጊዜ ልጆቼን ይዤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድኩ። ጣሪያውን ታውቁታላችሁ፤ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በመደዳ በመደዳ ተሥለው ቁልቁል ያዩናል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቁሙ፣ አንዳችሁ በልባችሁ አንድ መልአክ ምረጡ፣ ለጓደኛችሁ በጣት ሳትጠቁሙ ሁለት ቁጥር ብቻ ንገሩ፣ እሱ ያግኘው አልኳቸው። ወዲያው ክርክር ተነሣ። «አራተኛው መደዳ አላልከኝም?» «ከየት ነው የቆጠርከው?» «ከበሩ ነዋ!» «እኔ ከመቅደሱ ነው የቆጠርኩት!» ካህኑ ቀስ በሉ እስኪሉን ድረስ።

ወደ ክፍል ስንመለስ ያስተማርኩት ጥቂት ነው። ሦስት ነገር መስማማት እንዳለባቸው ራሳቸው ነገሩኝ። ከየት እንነሣለን? ወደየት አቅጣጫ እንቆጥራለን? የትኛው ቁጥር ይቀድማል? ከዚያ በኋላ ኤክስና ዋይን ስጽፍላቸው ለጠባቸው መፍትሔ ሆነላቸው። መጀመሪያ ጥሉ ይምጣ፣ ስምምነቱ ከዚያ ይከተል። እኛ ግን ሁልጊዜ ስምምነቱን አስቀድመን እንሰጣቸዋለን።

በነገራችን ላይ፣ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻው ያደረጋት በ1636 እ.ኤ.አ. ነው። ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት ነጥብን በቁጥር የመግለጹን ሐሳብ በጂኦሜትሪ ሥራው ያሳተመው በ1637 ነው። በዚያው ጊዜ ፒየር ደ ፌርማም ለብቻው ደርሶበታል። ግንቡን እየተመለከቱ ይህን ለልጆች መንገር ደስ ይለኝ ነበር። ዴካርት ራሱ ግን ዛሬ እኛ እንደምንሥለው ሁለት ዘንግ አቋርጦ፣ ነጌቲቩንም ጨምሮ አልሣለውም። ያ ቀስ በቀስ ከሱ በኋላ የመጣ ነው። ልጁ ወዲያው ስላልገባው አንቆጣው።

ጠመኔ | ማክሰኞ ምሳ ሰዓት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። «ከየት ነው የቆጠርከው?» ያሉት ነገር ውስጤ ገባ። እኔ መነሻውን ሰሌዳ ላይ ሥዬ ሰጠኋቸው እንጂ አንድም ቀን እንዲፈልጉት አላደረግኩም። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ከስልሳ በላይ ልጅ ይዤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ መውጣት አልችልም። ፈቃዱም፣ አጃቢ መምህሩም፣ ጊዜውም የለም። ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ነው። ክፍል ውስጥ የሚሠራ ካላችሁ ንገሩኝ።

የየኔታ ልጅ | ማክሰኞ ከሰዓት

አለ! ክፍልሽ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል እኮ። የፊደል ገበታ!

እስቲ አስቢው። ወደ ታች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ 33 ረድፍ። ወደ ጎን ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ፣ 7 ዓምድ። 33 በ7 ሲባዛ 231 ፊደል። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ሁለት ቁጥር አለው። «ሚ የት ናት?» ስትዪው «የመ ሣልስ» የሚልሽ ልጅ ኮኦርዲኔት እየነገረሽ ነው፣ አራተኛ ረድፍ፣ ሦስተኛ ዓምድ። እኛ የኔታ ዘንድ ገና በአምስት ዓመታችን ነው ይህን የቻልነው። ልጆቹ ያልለመዱት ነገር አይደለም፣ ስሙን ነው ያልለመዱት።

ጨዋታው ደብዳቤ መላላክ ነው። ረድፍ አስቀድመን ብንስማማ «ሰላም» የሚለው (7፣ 1) (2፣ 4) (4፣ 6) ይሆናል። ሰ ሰባተኛ ረድፍ ግዕዝ ነው፣ ላ ሁለተኛ ረድፍ ራብዕ፣ ም አራተኛ ረድፍ ሳድስ። አሁን ጓደኛው ገልብጦ ቢያነበው ምን ይመጣል? (1፣ 7) ሆ፣ (4፣ 2) ሙ፣ (6፣ 4) ራ። ሆሙራ! «ሰላም» ብሎ ልኮ «ሆሙራ» ሲደርሰው ልጁ መገልበጡን አንቺ ሳትነግሪው ያውቀዋል። ሰሌዳ ላይ አንድ ነጥብ ቢገለበጥ ማንም አይደነግጥም። ቃል ሲበላሽ ግን ጆሮው ይሰማዋል።

ወረቀት አያስፈልግም። በቁራጭ ወረቀት፣ በመዳፍ፣ በጠመኔ ዴስክ ላይ ይጻፋል።

ሜዳና ዳገት | ማክሰኞ ማታ

ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ግን ወንድሜ አንድ ነገር ያሰጋኛል። ገበታው ላይ መጀመሪያ የምትቆጥረው ወደ ታች ነው። ማለትም ዳገቱን፣ እንዲያውም ቁልቁለቱን ነው የምታስቀድመው። ኮኦርዲኔት ላይ ደግሞ ወደ ጎን ይቀድማል፣ ዋይም ወደ ላይ ነው የሚያድገው። እኔ ስድስት ወር ስታገል የኖርኩበትን ግልባጭ አንተ በጨዋታ ልታስለምዳቸው ነው። ሌላው ደግሞ ፊደሉ ያለው ካሬ ውስጥ ነው፤ ኮኦርዲኔት ግን ነጥብ ነው፣ መስመርና መስመር የሚገናኙበት። እህታችን ያየችው የካሬ ስሕተት ከዚህ ዓይነት ሠንጠረዥ ነው የሚመጣው። ሦስተኛ፣ ገበታው ዜሮ የለውም፤ ከአንድ ነው የሚጀምረው።

የየኔታ ልጅ | ማክሰኞ ማታ

ሦስቱም ልክ ነው። አልክድም። ግን ስለዚህ ብለን እንተወው? ልጁ የሚያውቀውን ነገር ጥሎ ከማያውቀው ይጀምር?

ጡረታ ወጥቻለሁ | ረቡዕ ጠዋት

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ገበታውን እንዳለ አትጠቀሙበት፤ ሰሌዳው ላይ እንደገና ጻፉት።

ሀን ከታች በስተግራ አድርጓት። ሁ፣ ሂ፣ ሃ ወደ ቀኝ ይሂድ። ከሀ በላይ ለ፣ ከለ በላይ ሐ፣ እስከ ሰ ድረስ ወደ ላይ ይውጣ። ሰባት ረድፍ ይበቃል፤ 7 በ7። ፊደሎቹን ካሬ ውስጥ ሳይሆን መስመሮቹ የሚገናኙበት ላይ ጻፏቸው። ከሀ በስተግራ አንድ መስመር፣ ከሀ በታችም አንድ መስመር ባዶ ተዉ። የሁለቱ ባዶ መስመሮች መገናኛ ዜሮ ነው፤ ጉዞ ሁሉ ከዚያ ይነሣል። ከዚያ በሜዳና ዳገት ሥርዓት ንገሯቸው፣ መጀመሪያ ወደ ጎን ስንተኛ ቤት፣ ቀጥሎ ወደ ላይ ስንተኛ ረድፍ። «ሰላም» አሁን (1፣ 7) (4፣ 2) (6፣ 4) ይሆናል። የገለበጠው ያው ሆሙራ ይመጣበታል።

መምህርት ጠመኔ፣ ያቺን የዜሮ ልጅ አትርሺያት። (0፣ 4) ላይ ውሰጃት። ፊደል የለም። ቦታው ግን አለ፤ ጣቷን ታሳርፍበታለች።

እናት ነኝ፣ ማራኪ | ረቡዕ ምሳ ሰዓት

መምህር አይደለሁም፣ አንባቢ ብቻ ነኝ፤ ካስቸገርኩ ይቅርታ። ልጄ ባለፈው ዓመት ይሄንኑ ነጥብ ገልብጦ ከአሥር ዜሮ ይዞ መጣ። ዐሥሩንም ገልብጧቸዋል። ግን ዐሥሩም እኩል ነው የተገለበጡት፤ ቆጠራው ልክ ነበር። አንድ ጊዜ የተሳሳተውን ዐሥር ጊዜ ተቀጣበት። መምህሩን ሄጄ ሳናግር «ስሕተት ስሕተት ነው» አሉኝ። ልጁ ከዚያ ወዲህ ሒሳብ አልችልም ይላል። እባካችሁ፣ ስታርሙ ይሄን እዩልን።

ቤት ውስጥ ያቃናሁት በጥልፍ ነው። ቀሚስ ላይ መስቀል ስጠልፍ ክር እየቆጠርኩ ነው የምጠልፈው። ናሙናውን ባለ ካሬ ወረቀት ላይ እሠራለሁ። አጠገቤ አስቀምጬው «ስንት ወደ ጎን ልሂድ? ስንት ወደ ላይ?» እያልኩ እሱ እንዲያነብልኝ አደረግኩ። አንድ ቀን ገልብጦ አነበበልኝ፤ እኔም አውቄ እንዳለው ጠለፍኩት። መስቀሉ ተጣመመ። «እማዬ ፍቺው፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለና ከዚያ በኋላ አልገለበጠም።

ጠመኔ | ረቡዕ ማታ

እናቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። ደብተሮቹን መልሼ አየሁ። እኔም ሁሉንም እኩል የገለበጡትን በዜሮ አልፌያቸው ነበር። ነገ ሁለት ማርክ እሰጣለሁ፣ አንዱ ለቆጠራው አንዱ ለቅደም ተከተሉ። ለልጅሽም ቆጠራው ልክ እንደነበር ንገሪልኝ፤ መምህርት ነች ያለችህ በይው።

ብሬል | ሐሙስ ጠዋት

በክፍሌ አንድ ዓይነ ሥውር ተማሪ አለኝ፤ ስለሱ ልጨምር። ካርቶን ላይ ሲባጎ በሙጫ እየለጠፍኩ መረብ ሠራሁለት፤ ሁለቱን ዘንጎች ደግሞ ወፈር ባለ ገመድ። ነጥቡን በባቄላ ነው የሚያስቀምጠው። መነሻው ላይ ቆርኪ ለጠፍኩ። መጀመሪያ ቆርኪዋን ይፈልጋል፣ ከዚያ ሲባጎዎቹን በጣቱ እየቆጠረ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ላይ ይሄዳል።

ልብ ያልኩት ነገር፣ እሱ ዜሮን «አንድ» ብሎ አያውቅም። ለምን ቢባል ጣቱ ከቆርኪዋ ሲነሣ ገና አልተንቀሳቀሰም። የሚቆጥረው ያለፈውን ሲባጎ ነው፣ እርምጃውን። የሚያዩት ልጆች ግን ያዩትን ቁጥር ሁሉ ይቆጥራሉ። አሁን ሰሌዳውን ትቼ ካርቶኑን ለሁሉም ሠርቻለሁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሠሩበታል። ስድስት ካርቶን ነው ያለኝ፤ በዙር ይደርሳቸዋል።

ገና ጀማሪ | ሐሙስ ከሰዓት

እኔ ደግሞ ዛሬ ዴስኮቹን ራሳቸውን ተጠቀምኩ። በግራ በኩል ከፊት ያለው ዴስክ መነሻ ነው አልኩ። ልጆቹ ግን ግራ ገባቸው፤ የኔ ግራ ለነሱ ቀኝ ነው! ፊት ለፊታቸው ቆሜ ነው የምናገረው። ከኋላቸው ሄጄ ስቆም ተስተካከለ። ከዚያ «ሁለተኛው ቁጥር 3 የሆነ ይነሣ» ስል አንድ ረድፍ ሙሉ ተነሣ። «ሁለቱ ቁጥሮች እኩል የሆኑላችሁ ተነሡ» ስል ደግሞ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ተነሡ። አንዱ «ቲቸር፣ መስመር ሠራን!» ብሎ ጮኸ። እኔም ደነገጥኩ፤ የመስመር እኩልታ በልጆች ቆሞ አየሁት።

ቀያሽ | ሐሙስ ማታ

ሥራዬ ቅየሳ ነው፤ ይዞታ እንለካለን፣ የማሳ ጥግ ኮኦርዲኔት እንመዘግባለን። ይሄን ክር ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ መገልበጥ በኛ ሥራ የሰውን መሬት ሌላ ቦታ ያደርሰዋልና።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ፤ ለልጆች ቢነገራቸው ጥሩ ነው። ስልክ ላይ ካርታ ከፍተው ጎንደርን ቢነኩ የሚመጣው 12.6 እና 37.47 ነው። የሚቀድመው ኬክሮስ ነው፣ ማለትም የሰሜኑ ቁጥር፣ ዳገቱ። ኬንትሮስ ሁለተኛ ነው። ከሒሳቡ ሥርዓት የተገለበጠ! ልጁ «ሜዳ ይቀድማል» የሚለውን ይዞ ቢያነበው 37.47 ሰሜን፣ 12.6 ምሥራቅ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ጣሊያን አገር፣ ከሲሲሊ ደሴት ወረድ ብሎ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ነው። ፋሲል ግንብ ባሕር ገባ ማለት ነው።

እኛ መስክ ላይ የምንጠቀመው ደግሞ በሜትር የሚለካውን ነው። ዩቲኤም ይባላል፤ ጎንደር ያለችው በዚህ ሥርዓት ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ነው። እዚያ ምሥራቁ ይቀድማል፣ 330 ሺህ ሜትር ገደማ፤ ሰሜኑ ይከተላል፣ 1 ሚሊዮን 390 ሺህ ገደማ። ያ እንደ ትምህርት ቤቱ ነው። ስለዚህ ባልደረባዬ ቁጥር ሲልክልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የትኛው ነው የቀደመው?» ብዬ ነው። ጋሼ «ስለተስማማን» ያሉት ልክ ነው፣ ስምምነት ነው። አዋቂዎችም በየሥራው ሌላ ሌላ ተስማምተናል።

ሜዳና ዳገት | ሐሙስ ማታ

ወንድም ቀያሽ፣ ይሄን ነገ ክፍሌ ይዤው እገባለሁ። የኔዎቹ ነጌቲቭ ላይ ስለደረሱ እኔም አንድ ልስጥህ። መነሻውን ጎንደር አደረግኩት፣ ዜሮ ዜሮ። ከዚያ አገሩን በአራት ከፈልን። ደባርቅ ወደ ቀኝና ወደ ላይ፣ ሁለቱም ፖዘቲቭ። መተማ ወደ ግራና ወደ ላይ። ጎርጎራ ወደ ግራና ወደ ታች፣ ሁለቱም ነጌቲቭ። ደብረ ታቦር ወደ ቀኝና ወደ ታች። ልጆቹ በነጌቲቭ ቁጥር መፍራታቸውን ያቆሙት የዚያን ቀን ነው፤ ጎርጎራ ዘመድ ያለው ልጅ ነጌቲቭን እንዴት ይፈራል? ባሕር ዳር የት ትውላለች ሲባል ደግሞ አትላስ ላይ ለኩና ወደ ታች፣ ዋይ ዘንጉ ላይ ልትሆን ምንም አልቀራትም፤ ጥቂት ብቻ ወደ ግራ። አይከል ደግሞ እንደዚሁ ኤክስ ዘንጉን ተጠግታ ተገኘች። ዘንግ ላይ ያለ ነጥብ አንዱ ቁጥሩ ዜሮ እንደሆነ ያስረዳሁት በዚህ ነው። «ባሕር ዳር ወደ ጎን ስንት ናት?» «ዜሮ ልትሆን ነው!» «ታዲያ የለችም?» «አለች እንጂ!»

ጠመኔ | ዓርብ ማታ

ዛሬ የሆነውን ልንገራችሁ።

ጋሼ እንዳሉት ገበታውን ገልብጬ፣ ፊደሎቹን መገናኛው ላይ አድርጌ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። መጀመሪያ ምንም ስምምነት አልሰጠኋቸውም። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቃል ላኩ፣ ቁጥር ብቻ ጻፉ አልኩ። ክፍሉ ተናወጠ። «አንተ ከላይ ነው የቆጠርከው!» «አንቺ ነሽ የገለበጥሽው!» አሥር ደቂቃ ያህል ተዉኳቸው። ጎረቤት ክፍል ያለችው መምህርት በሩን ከፍታ አየችን። ከዚያ «በቃ፣ እንዴት ይሻላል?» ስላቸው ሦስቱንም ጥያቄ ራሳቸው አወጧቸው። ከየት፣ ወደየት፣ ማን ይቀድማል። ማን ይቀድማል የሚለው ላይ ሊስማሙ አልቻሉም፤ ድምፅ ሊሰጡ ሲሉ የዓለም ሰው ወደ ጎን ያለውን እንዳስቀደመ ነገርኳቸው። «እሺ፣ እንግዲያው እንደ ዓለሙ» አሉ።

ከዚያ «ሰላም» ላክን። ከኋላ ዴስክ «ሆሙራ!» የሚል ድምፅ መጣ። ሁሉም ወደዚያ ዞሩ፤ ልጁ ወረቀቱን አይቶ ራሱ አረመው።

ያቺን የዜሮ ልጅ ሰሌዳው ላይ ጠራኋት። (0፣ 4)ን አሳዪኝ አልኳት። ከመነሻው ተነሥታ ወደ ጎን ምንም አልሄደችም፣ ወደ ላይ አራት ወጣች፣ ጣቷን አሳረፈች። ትንሽ ቆየችና «ፊደል የለም፣ ግን እዚህ ነኝ» አለች። ደብተሯ ላይ የጻፈችውን ራሷ ሰረዘችው።

ሌላም አለ፤ ይሄን ያልጠበቅኩት ነው። አንድ ዝምተኛ ልጅ፣ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቅ፣ ሲወጡ ጠብቆ ወረቀት ሰጠኝ። «(4፣ 4) (6፣ 6)» ይላል። ፈታሁት፤ ማር። «ቲቸር፣ ይሄን ገልብጪው» አለኝ። ገለበጥኩት። ያው ማር ነው። የማይገለበጥ ቃል ፈልጎ አግኝቷል። «ሌሎችም አሉ፣ ሀ፣ ሉ፣ ሒ...» ብሎ ሰሌዳው ላይ በጣቱ ከሀ እስከ ሶ በሰያፍ አሳየኝ። ጀማሪው ያልከው መስመር ነው! ልጆችን አስነሥተህ ያየኸውን እሱ ብቻውን በፊደል አገኘው።

ሰኞ በሱ ነው የምጀምረው። ሌላ የማይገለበጥ ቃል ማን ያገኛል ብዬ።

የየኔታ ልጅ | ዓርብ ማታ

ማር! እኔ ስንት ጊዜ ያን ገበታ አይቼ ይሄን አላየሁም። ልጁን በኔ ስም ሳሚልኝ።

ጡረታ ወጥቻለሁ | ቅዳሜ ጠዋት

መምህርት፣ እድሜ ይስጥሽ። ልጁን ሰኞ ሰሌዳው ላይ ራሱ ያስረዳ፣ አንቺ ከኋላ ቁሚ። ጀማሪው እንዳለው፣ ከኋላ።

ቀያሽ | ቅዳሜ ከሰዓት

ጠመኔ፣ ከቢሮ የጂፒኤስ መሣሪያ ለማምጣት ጠይቄያለሁ፣ ተፈቅዶልኛል። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት ከተመቸሽ ግቢያችሁ እመጣለሁ። ጠጠር ወይም ቆርኪ ሠላሳ ያህል አዘጋጂ፣ ረዥም ሲባጎም። ሜዳው ላይ በየአምስት ሜትሩ መረብ እንዘረጋለን። ግቢያችሁ ዘንበል ያለ ነው ወይስ ደልዳላ? ዘንበል ካለ ልጆቹ «ወደ ላይ» ስትዪያቸው ወደ ዳገቱ ይሄዳሉ፤ የት በኩል ሰሜን እንደሆነ መጀመሪያ ምልክት እናድርግ።

ጠመኔ | ቅዳሜ ማታ

ዘንበል ያለ ነው፤ ዳገቱ በበሩ በኩል ነው። ሐሙስ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ና። ሲባጎውን የሚያመጡትን ልጆች መርጫለሁ፤ ቆርኪ ከየሰፈሩ እየለቀሙ ነው።